የቤት ሲሙሌተር ለተማሪ አብራሪ፦ ለማረፍ ስቃረብ ዓይኔ ከመለኪያዎቹ አልላቀቅ አለኝ

ንጋት_በረራ

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች በሙሉ። የግል አብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት እየተማርኩ ነው። እስካሁን 14 ሰዓት በርሬአለሁ፤ የምማርበት አውሮፕላን ሴስና 172 ነው። ትምህርቱን ከመጀመሬ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ቤቴ ውስጥ በኮምፒውተር ሲሙሌተር ስለማመድ ቆይቻለሁ።

መጀመሪያ ላይ ያ ልምምድ ጥሩ ስንቅ ሆነኝ። መምህሬ የፍጥነት መለኪያውን፣ የከፍታ መለኪያውን፣ ሰው ሠራሽ አድማሱን ሲያሳየኝ አዲስ የሆነብኝ ነገር አልነበረም። ከፍታ ጠብቄ ቀጥ ብዬ መብረር በመጀመሪያው ቀን ቻልኩ። ማረፍ መለማመድ ስንጀምር ግን ነገሩ ተገለበጠ። ወደ መንደርደሪያው ስንቃረብ ዓይኔ ፍጥነት መለኪያው ላይ ይተከላል፤ ቀና ስል መሬቱ ደርሷል። አንድ ጊዜ ገና ከፍ ብለን ሳለን አፍንጫውን አነሳለሁ፤ ሌላ ጊዜ ዘግይቼ በፊት ጎማ መሬት ልንነካ ስንል መምህሬ መሪውን ይቀበለኛል።

ባለፈው ትምህርት መምህሬ ወረቀት አውጥቶ መለኪያዎቹን በሙሉ ሸፈናቸው። «አሁን ውጭውን እያየሽ ብረሪ» አለኝ። የደነገጥኩት ያን ጊዜ ነው። አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ሲበር አድማሱ ከሞተሩ ሽፋን ስንት ጣት ከፍ ብሎ እንደሚታይ አላውቅም ነበር። 14 ሰዓት ሙሉ ፊት ለፊቴ የነበረ ነገር ነው።

ሲሙሌተሩን ጨርሼ ልተወው? ወይስ እየተማርኩ ልጠቀምበት የምችልበት ሌላ መንገድ አለ? ያለፋችሁበት ሰዎች ብትመክሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

አሮጌ_ፕሮፔለር

እህቴ፣ የገለጽሽውን ችግር በደንብ አውቀዋለሁ። ከ20 ዓመት በላይ በረራ ሳስተምር በሲሙሌተር ተለማምደው የሚመጡ ተማሪዎች ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ አይቻለሁ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ዓይናቸው እንደ አንቺ መለኪያ ላይ ይጣበቃል።

ምክንያቱን ላስረዳሽ። የሰው ዓይን ከግራ እስከ ቀኝ ወደ 200 ዲግሪ የሚጠጋ ስፋት ያያል። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ 27 ኢንች ስክሪን ከተለመደው ርቀት ሲታይ ከዚያ ውስጥ 50 ዲግሪ ያህሉን ብቻ ይሞላል። መሬት ልትነኪ ስትቃረቢ ምን ያህል ከፍ ብለሽ እንዳለሽ የሚነግርሽ ደግሞ አብዛኛው ነገር ከዚያ ውጭ ነው፦ የመንደርደሪያው ጠርዞች ግራና ቀኝ እየተለጠጡ መውጣታቸው፣ ሣሩ በጎንሽ የሚሮጥበት ፍጥነት፣ አድማሱ ወደ ትከሻሽ ከፍ እያለ መምጣቱ። ስክሪኑ ይህን ሁሉ ቆርጦ ያስቀረዋል። ስለዚህ አእምሮሽ ሊታመን የሚችል ምንጭ ሲፈልግ ቁጥር ያለበትን መለኪያ አገኘ። ኮምፒውተር ፊት ለተቀመጠ ሰው ይህ ብልህነት ነው። አንድ ዓመት በየማታው የተደጋገመ ነገር ግን በአንድ ቀን አይለቅም።

አሁን የምነግርሽን ለጥቂት ሳምንታት ሞክሪው። ማረፍን ቤት ውስጥ አትለማመጂ፤ ጨርሶ። ማረፍ የሚለመደው አየር ላይ ነው። አፍንጫውን ቀና ማድረግ ስትጀምሪ ዓይንሽን ወደ መንደርደሪያው መጨረሻ ውሰጂውና እዚያ አቆዪው፤ ዳርና ዳሩ ራሱ ከፍታውን ይነግርሻል።

ሲሙሌተሩን ግን አትጣይው። ቅደም ተከተል ላለው ነገር ሁሉ ግሩም መሣሪያ ነው። የማረፊያውን ዙር ውሰጂ። ዳውንዊንድ (ከመንደርደሪያው ጎን ለጎን በተቃራኒ አቅጣጫ የሚበረርበት መስመር) ላይ የማረፊያሽ ነጥብ ትይዩ ስትደርሺ ኃይል ትቀንሺያለሽ፤ ፍጥነቱ ሲፈቅድ 10 ዲግሪ ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚወርደውን ክፍል) ታወርጃለሽ፤ ነጥቡ ከክንፍሽ 45 ዲግሪ ወደ ኋላ ሲቀር ወደ ቤዝ (ወደ መንደርደሪያው መስመር የሚያቀርበው አጭር መስመር) ትዞሪያለሽ፤ ሁለተኛ ፍላፕ፣ ሬዲዮ፣ ግራና ቀኝ አይቶ ወደ ፋይናል (ከመንደርደሪያው ፊት ለፊት ወዳለው የመጨረሻ መስመር) መዞር። ይህን ቅደም ተከተል ቤት ውስጥ ድምፅ አውጥተሽ እየተናገርሽ እስኪበቃሽ ደጋግሚው። አየር ላይ ስትወጪ «ቀጥሎ ምን ነበር?» እያለ የሚጨነቀው የአእምሮሽ ክፍል ነጻ ይሆናል፤ ውጭ ለመመልከት የምትፈልጊውም ያንኑ ክፍል ነው።

በየትምህርቱ መጨረሻ ደግሞ መምህርሽን «የሚቀጥለው ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ በፊት ባለው ማታ ያንኑ ብቻ ለ30 ደቂቃ ሠርተሽ ዝጊው።

የደመና_ጠርዝ

መምህር፣ በአክብሮት አንድ ነጥብ ላይ ልቃወም። እኔ አሥር ዓመት በሲሙሌተር ከበረርኩ በኋላ ነው ትምህርት የጀመርኩት፤ ፈቃዴን ካገኘሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። የማረፍ ልምምዱ አልጎዳኝም፤ እንዲያውም ጠቅሞኛል። ምክንያቱ መለኪያዎቹን ከስክሪኑ ላይ አጥፍቼ ስለምለማመድ ነው። የራስን እንቅስቃሴ ተከትሎ እይታውን የሚያዞር መሣሪያም ነበረኝ፤ ወደ ቤዝ ከመዞሬ በፊት ትከሻዬን አልፌ መንደርደሪያውን መፈለግ የለመድኩት ቤቴ ውስጥ ነው።

ፋይናል ላይ ደግሞ የማነጣጠሪያ ነጥቡ በመስታወቱ ላይ ወደ ላይ ከሸሸ አጭር እንደምወድቅ፣ ወደ ታች ከሸሸ አልፌ እንደምሄድ፣ ባለበት ከቆመ በትክክል ወደ እርሱ እየሄድኩ እንደሆነ የተማርኩት በስክሪን ነው። ይህ ሥዕል በእውነተኛው አውሮፕላን ውስጥም ያው ነው። «ጨርሶ» የሚለው ቃል ትንሽ የከበደ መሰለኝ።

አሮጌ_ፕሮፔለር

የማነጣጠሪያ ነጥቡን በተመለከተ እውነትህን ነው፤ እቀበላለሁ። ያ ሥዕል ከፊት ለፊት ስለሚታይ ስክሪን ላይ በደንብ ይገኛል። እንግዲያውስ አባባሌን ላስተካክል፦ ከፋይናል መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 50 ጫማ ያለውን ቤት ውስጥ መለማመድ ይቻላል፤ መለኪያዎቹ ተሸፍነው ከሆነ። ከ50 ጫማ በታች ያለውን ግን አሁንም አልመክርም። 50 ጫማ ላይ ስትደርስ ኃይል ጨምረህ ውጣ። እግረ መንገድህን ማረፍን ሰርዞ መነሣትንም ትለማመዳለህ፤ ተማሪዎች ከሁሉ አሳንሰው የሚለማመዱት እርሱን ነው።

አንተ አሥር ዓመት ነበረህ፣ ራስህንም ታርም ነበር። ይህች እህታችን አሁን በትምህርት ላይ ናት፤ ያላት ጊዜ ውድ ነው።

ኳሷን_ተመልከት

ሁላችሁም ስለ ዓይን ስትነጋገሩ ስለ እግር አንድም ሰው አለማንሣቱ ገረመኝ። እህቴ፣ አንድ ነገር ፈትሺ። አብዛኞቹ የቤት ሲሙሌተሮች ራደሩን (በእግር ፔዳል የሚታዘዘውን የጅራት መሪ) በራሳቸው የሚያስተካክሉበት ምርጫ አላቸው፤ ብዙ ጊዜም ሳናውቀው በርቶ ይቆያል። እርሱ በርቶ ከሆነ አንድ ዓመት ሙሉ ያለ እግር በርረሻል ማለት ነው።

በ172 ፕሮፔለሩ ከአብራሪው ወንበር ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። ሙሉ ኃይል ሰጥተሽ አፍንጫውን ስታነሺ አውሮፕላኑ ወደ ግራ ይሳባል፤ ቀኝ እግርሽ ሊይዘው ይገባል። ማንም ሳይነግርሽ እግርሽ ራሱ መግፋት አለበት። ምርጫውን ካላጠፋሽና ፔዳል ከሌለሽ እግሮችሽ ምንጣፍ ላይ ዐርፈው እንዲቀመጡ እያስተማርሻቸው ነው። እኔን ይህ ልማድ ብዙ ሰዓት አስከፍሎኛል፤ በየመዞሩ ኳሷ (አውሮፕላኑ ወደ ጎን እየተንሸራተተ መሆኑን የምታሳየው መለኪያ) ወደ አንድ ጥግ ሸሽታ መምህሬ በጣቱ ያሳየኝ ነበር። ኳሷ መሃል ሳትሆን የሚደረግ መዞር ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ፣ በተለይ ከቤዝ ወደ ፋይናል ሲዞር፣ ስቶል (ክንፉ የማንሣት ኃይሉን ሲያጣ) ከመጣ አውሮፕላኑን ወደ ስፒን (እየተሽከረከሩ መውደቅ) ሊያስገባው ይችላል። ነገሩ የውበት ጉዳይ አይደለም።

መሣሪያ ከመግዛትሽ በፊት ምክሬን ከጠየቅሽኝ፣ ከመሪውም ከትልቅ ስክሪንም በፊት ፔዳል ግዢ።

ንጋት_በረራ

አሁኑኑ ሄጄ አየሁት። በርቷል። አንድ ዓመት ሙሉ በርቶ ነበር።

መምህር፣ ምክርዎን በሙሉ ልቤ ተቀብያለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ከ50 ጫማ በታች አልወርድም። አንድ ሌላ ጥያቄ ልጨምር። ትሪም (የመሪውን ጫና ከእጅ ላይ የሚያነሣው መንኰራኩር) ላይም መምህሬ ይገሥጸኛል። መንኰራኩሯን ሁልጊዜ አንድ ነገር እንደምትፈልግ ሰው እያዞርኩ «በትሪም አትብረሪ» ይለኛል። ቤት ውስጥ የምጠቀመው ምንጭ ያለውን ጆይስቲክ ነው። ይህም ከሲሙሌተሩ የመጣ ይሆን?

ጸጥ_ያለ_ሞተር

አዎን፣ ከዚያው ነው፤ እኔም አልፌበታለሁ።

በአውሮፕላኑ ውስጥ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ አፍንጫውን የምትፈልጊበት ቦታ ላይ በእጅሽ ትይዢዋለሽ፤ መሪው እጅሽን ይጫነዋል፤ ከዚያ ጫናው እስኪጠፋ ድረስ ትሪሙን ታዞሪያለሽ። ትሪም የእጅን ድካም የሚያነሣ ነገር ነው። በጆይስቲክ ግን እጅሽ ላይ የሚመጣው ኃይል የዚያች ትንሽ ምንጭ ብቻ ነው፤ ፍጥነት ቢጨምርም ቢቀንስም አይለወጥም። በትሪም እንደተስተካከልሽ የሚነግርሽ እጅሽ ስለሌለ በዓይንሽ አፍንጫውን እያየሽ መንኰራኩሯን ታሽከረክሪያለሽ። ያ ልማድ ወደ አውሮፕላኑ ተከትሎሽ መጣ።

ከዚያ የሚብሰው ሌላ ነገር አለ። እውነተኛው አውሮፕላን ፍጥነቱ ሲወርድ መሪው ይላላል፣ ይሞታል፤ በእጅሽ ውስጥ ላስቲክ እንደያዝሽ ይሆናል። ስቶል እየመጣ መሆኑን ከማስጠንቀቂያው ጩኸት በፊት የሚነግርሽ ይህ ነው። ጆይስቲክሽ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ስቶልን የሚመለከት ልምምድ ቤት ውስጥ ብትሠሪ የማውጣቱን ቅደም ተከተል ብቻ ውሰጂበት፦ አፍንጫ ወደ ታች፣ ክንፍ ማስተካከል፣ ኃይል። ስሜቱን ግን አትፈልጊበት፤ የለም።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ብዙዎች ይንቁታል። ኮምፒውተሩን ሳትከፍቺ ወንበር ላይ ተቀመጪ፤ ዓይንሽን ጨፍኚ፤ እጅሽን በእውነተኛው ቦታ እያንቀሳቀስሽ በረራውን ከሞተር ማስነሣት እስከ ማጥፋት ተናገሪው። በማውስ መቀየሪያውን ስትጫኚ እጅሽ የት መሄድ እንዳለበት አይማርም። በ172 የነዳጅ መምረጫው ከታች ወለሉ አጠገብ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ነው። በስክሪን ላይ አንድ ጠቅታ ነው፤ በአውሮፕላኑ ውስጥ ጎንበስ ብለሽ በዳሰሳ የምታገኚው ነገር ነው።

ሰማያዊ_ሳጥን

ውይይታችሁን እያነበብኩ አንድ የታሪክ ነገር ትዝ አለኝ፤ ከጉዳዩ ጋር ስለሚገናኝ ልጻፈው።

ኤድዊን ሊንክ የሚባል አሜሪካዊ ቤተሰቡ ኦርጋንና ራሱን የሚጫወት ፒያኖ የሚሠራ ፋብሪካ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1929 ከኦርጋን ወናፍና ከአየር ፓምፕ የሚንቀሳቀስ ትንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ሠራ፤ መሬት ላይ ተተክሎ ይዘነበላል፣ ይዞራል። ለጥቂት ዓመታት ከቁም ነገር የቆጠሩት ጥቂቶች ነበሩ፤ የመዝናኛ ሥፍራ መጫወቻ ሆኖ ሁሉ ያገለግል ነበር። በ1934 የአሜሪካ ጦር የአየር ክፍል ፖስታ የማመላለስ ኃላፊነት ተሰጠው። አብራሪዎቹ በመለኪያ ብቻ መብረር በቂ ልምድ አልነበራቸውም፤ በክፉ አየር ብዙ አደጋ ደረሰ፣ ሰው ሞተ። በዚያው ዓመት ጦሩ ስድስት የሊንክ መሣሪያዎች ገዛ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሰማያዊ ሳጥን ይሉት በነበረው በዚያ መሣሪያ የሠለጠኑት ከ500,000 በላይ ናቸው።

ይህን ያነሣሁት ለምን መሰላችሁ? ያ ሳጥን ሲዘጋ ውጭ አይታይም። መሬትንና አድማስን ለማሳየት አልሞከረም። የተሠራው መለኪያ አንብቦ መብረርን ለማስተማር ነው፤ በዚያም ዋጋውን አስመሰከረ። የዛሬዎቹ የቤት ሲሙሌተሮች፣ ማይክሮሶፍትም ሆነ ኤክስ ፕሌን ወይም በነጻ የሚገኘው ፍላይት ጊር፣ ደመናና ተራራ አምሮ ስለሚታይባቸው ውጭ አይቶ መብረርን የሚያስተምሩ ይመስለናል። ጉልበታቸው ግን ዛሬም ያው ሰማያዊው ሳጥን ጉልበት የነበረበት ቦታ ላይ ነው።

ታወር_ስማኝ

ሬዲዮን ማንም አላነሣም። እኔ ከመብረር ይልቅ የፈራሁት ማይክሮፎኑን ነበር። የመቆጣጠሪያ ማማው ሲጠራኝ የሰማሁት ሁሉ ከጆሮዬ ይወጣል። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋችን ላልሆነው ደግሞ ጭንቀቱ እጥፍ ነው፤ ፈጥነው ይናገራሉ፣ ቁጥሮቹ ይደራረባሉ።

ያዳነኝ ቫትሲም ነው። ከ2001 ጀምሮ ያለ የበይነመረብ አውታር ሲሆን በጎ ፈቃደኞች የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ሆነው በእውነተኛ ድምፅ ያነጋግራሉ። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ዝም ብዬ አዳመጥኩ፤ እርሳስ ይዤ የሰማሁትን እየጻፍኩ። ከዚያ መናገር ጀመርኩ። እዚያ ብሳሳት የሚጎዳ ሰው የለም፤ ልቤ ግን እንደ እውነቱ ይመታ ነበር፤ ያስፈለገኝም ያ ነው። አሁን ተቆጣጣሪው ያለኝን ሬዲዮ ላይ መልሼ ስደግምለት እጄ አይንቀጠቀጥም።

ጥንቃቄው፣ የምትማሩበት አውሮፕላን ማረፊያ የራሱ የመግቢያ ነጥቦችና አባባሎች ይኖሩታል። እነርሱን ከመምህራችሁ ውሰዱ።

አዲስ_ሰልጣኝ_7

ይቅርታ፣ ምናልባት ቀላል ጥያቄ ይሆናል። ቤት ውስጥ የምንሠራው ሰዓት የበረራ መዝገባችን ላይ ይጻፋል?

አሮጌ_ፕሮፔለር

አይጻፍም። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለግል አብራሪ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን 40 ሰዓት ነው፤ በጸደቀ የሥልጠና ፕሮግራም ውስጥ ላለፈ 35። ከዚያ ውስጥ በመሬት ላይ መሣሪያ የሚሠራ ጥቂት ሰዓት ሊቆጠር የሚችለው መሣሪያው በአቪዬሽን ባለሥልጣን ተመርምሮ የጸደቀ ከሆነና አስተማሪ አጠገብህ ካለ ነው። የቤት ጠረጴዛ ያንን አያሟላም። ስለዚህ የቤት ልምምድ የሚያስቀርልህ ድግግሞሽን ነው፤ አንድ ትምህርት ሦስት ጊዜ እንዳይደገም ያደርጋል።

ስለ መጠኑም አንድ ነገር ልጨምር። ስታንሊ ሮስኮ የተባለው የአቪዬሽን ሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1971 ያሳየው ነገር አለ፦ በሲሙሌተር ላይ የምታጠፋው የመጀመሪያው ሰዓት በአውሮፕላን ውስጥ ብዙ ጊዜ ይቆጥብልሃል፤ ሁለተኛው ከዚያ ያነሰ፤ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ምንም የማይቆጥብበት ደረጃ ላይ ይደርሳል። ከሦስት ሰዓት አንድ 30 ደቂቃ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

የደመና_ጠርዝ

ሰማያዊ ሳጥን ያለውን ላጠናክር። እኔ አሁን የመለኪያ በረራ ደረጃ (ውጭ ሳይታይ በመለኪያ ብቻ ለመብረር የሚያበቃውን) እየተማርኩ ነው፤ በዚህ ደረጃ ሲሙሌተሩ ሌላ መሣሪያ ሆኗል። የቪ ኦ አር (አቅጣጫ የሚያመለክት የሬዲዮ ጣቢያ) መስመር መያዝ፣ ሆልዲንግ (እየዞሩ ተራ መጠበቂያ) መግባት፣ በአይ ኤል ኤስ (ወደ መንደርደሪያው በሚመራ የሬዲዮ ምልክት) መውረድ፤ ሁሉም በአእምሮ ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው። በአንድ ሰዓት በረራ ሦስት አቀራረብ ብሠራ ነው፤ ቤት ውስጥ አውሮፕላኑን መልሼ እያስቀመጥኩ አሥር እሠራለሁ። በሴኮንድ 3 ዲግሪ፣ በሁለት ደቂቃ ሙሉ ዙር፤ ይህ የመዞር ልኬት ከደሜ ጋር የተዋሐደው በቤት ልምምድ ነው። ሲምታታብኝ አቆመዋለሁ፤ ወረቀት ላይ እሥላለሁ፤ እቀጥላለሁ። እውነተኛው አውሮፕላን አይቆምም።

ደመና ውስጥ ለመግባት እስከ መድፈር አድርሶኛል ማለት እችላለሁ።

ጸጥ_ያለ_ሞተር

ወንድሜ፣ ከአስተማሪህ ጋር ሆነህ ከሆነ መልካም። ነገር ግን ይህን ክር ገና ተማሪ የሆኑ ሰዎች እያነበቡት ስለሆነ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገርህ አስፈራኝ፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ቤት ውስጥ ደመና ውስጥ ስትበር የውስጥ ጆሮህ ወንበር ላይ እንደተቀመጥክ ያውቃል፤ ከመለኪያው ጋር አይጣላም። አየር ላይ ግን ይጣላል። ቀስ ብሎ የጀመረ መዞርን ጆሮህ አይሰማውም፤ ስታቃናው ደግሞ ወደ ሌላው ጎን የተዘነበልክ ይመስልሃል። መላ ሰውነትህ መለኪያው ተሳስቷል ብሎ ይጮኻል። በ1954 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የመለኪያ በረራ ያልተማሩ 20 አብራሪዎች በእውነተኛ አውሮፕላን ውስጥ ውጭ እንዳያዩ ተደርገው ተፈትነው ነበር። ሁሉም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው፤ በአማካይ በ178 ሴኮንድ ውስጥ። ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

በሲሙሌተር ደመና ውስጥ አንድ ሰዓት ቀጥ ብሎ የበረረ ተማሪ «እችላለሁ» ብሎ ያምናል። የቤት ሲሙሌተር ከሚያመጣው ጉዳት ሁሉ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። መጥፎ ማረፍን መምህር ያርመዋል። አየሩ እየከፋ ሲመጣ ብቻውን ያለ ወጣት አብራሪ «ቤት ውስጥ አድርጌዋለሁ» ብሎ ወደ ፊት ቢቀጥል የሚያርመው የለም። እባካችሁ፣ ፈቃዳችሁ ለዚያ እስካልደረሰ ድረስ ተመለሱ።

የደመና_ጠርዝ

ትክክል ነህ። ሁልጊዜም ከአስተማሪ ጋር ነው፤ በግልጽ መጻፍ ነበረብኝ። በመጀመሪያው ደመናዬ ላይ ያልከው ነገር በሙሉ ደርሶብኛል፤ ግራ ክንፌ የወደቀ መስሎኝ አንገቴን ሳይቀር አዘንብዬ ነበር። አሥር ዓመት የሲሙሌተር ልምድ ለዚያ አላዘጋጀኝም።

ንጋት_በረራ

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። አሁን 21 ሰዓት ላይ ነኝ፤ የሆነውን ላካፍላችሁ ቃል ስለነበረብኝ ነው።

የራደሩን ምርጫ አጠፋሁ፤ ፔዳል ገዛሁ። ስክሪኑ ላይ መለኪያዎቹን ደበቅኩ። ከ50 ጫማ በታች አንድም ጊዜ አልወረድኩም። በየትምህርቱ ዋዜማ ግማሽ ሰዓት፣ ድምፅ እያወጣሁ። እቤት ያሉት መጀመሪያ ከማን ጋር እንደምነጋገር ገርሟቸው ነበር።

ሁለት ነገሮች ተለወጡ። አንደኛ፣ ባለፈው ሳምንት መምህሬ ሳይነግረኝ ሞተር የጠፋ ለማስመሰል 2,500 ጫማ ላይ ኃይሉን ዘጋው። አፍንጫውን ወደ 68 ኖት (በሰዓት የባሕር ማይል) አስተካከልኩ፤ የማርፍበትን ሜዳ መረጥኩ፤ ከዚያ እጄ ወደ ነዳጁ መዝጊያ፣ ወደ መምረጫው፣ ወደ ፓምፑ፣ ወደ ሚክስቸሩ (የነዳጅና የአየር ድብልቅ መቆጣጠሪያው)፣ ወደ ማግኔቶው (የሞተሩ ብልጭታ መቀየሪያ) ተራ በተራ በመንካት ብቻ ሄደ። መምረጫው ላይ ስደርስ ወደ ታች አላየሁም። ጸጥ ያለ ሞተር፣ ይህ የወንበሩ ልምምድ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ከኮምፒውተሩ፣ ቦታውን ከወንበሩ አገኘሁት። በጣም አመሰግንሃለሁ።

ሁለተኛው ትናንት ነው። መምህሬ እንደተለመደው መለኪያዎቹን በወረቀት ሸፍኗቸው ተነሣን። አራት ጊዜ ዐረፍን። አራተኛውን ጨርሰን ከመንደርደሪያው ስንወጣ «ወረቀቱ የት ሄደ?» አለኝ። ዞር ብዬ አየሁ፤ መለኪያዎቹ ተገልጠዋል። በሁለተኛው ዙር ዳውንዊንድ ላይ ሌላ አውሮፕላን ስፈልግ አንሥቶታል። አላየሁትም። ሦስት ጊዜ መለኪያው ክፍት ሆኖ ዐርፌ ዓይኔ ውጭ ነበር። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፤ ከደስታ ነው።

ገና ብቻዬን አልበረርኩም። መምህሬ ከዚያ በፊት የጎን ነፋስ ማረፊያ ላይ እንሥራ ብሎኛል። መምህር አሮጌ ፕሮፔለር፣ ለዚህ ቤት ውስጥ ምን ልሥራ ይሉኛል?

አሮጌ_ፕሮፔለር

እህቴ፣ ይህን ሳነብ እጅግ ደስ አለኝ። መምህርሽም ጥሩ መምህር ነው፤ ያችን የወረቀት ነገር ከእርሱ ተምሬአለሁ።

ለጎን ነፋስ ሲሙሌተሩን ለሁለት ነገር ክፈቺው። የመጀመሪያው ፋይናል ላይ አፍንጫሽ ወደ ነፋሱ ዞሮ አውሮፕላኑ ግን በመስመሩ ላይ ሲሄድ መንደርደሪያው በመስታወቱ ጎን በኩል እንደሚታይ መልመድ ነው። ብዙ ተማሪ ይህ ሥዕል እንግዳ ስለሚሆንበት ሳያስፈልግ አፍንጫውን ያቃናል፤ ነፋሱም ይወስደዋል። ሁለተኛው ነፋሱን ከ5 ኖት ጀምረሽ እየጨመርሽ ማዕዘኑ እንዴት እንደሚሰፋ ማየት ነው። ክንፍ ዝቅ አድርጎ በተቃራኒ እግር አፍንጫን ማቃናቱ ግን በእጅና በእግር የሚሰማ ስለሆነ ለአውሮፕላኑ ተዪው። የ50 ጫማው ሕግ እዚህም አለ።

ከመክፈትሽ በፊት ስሌቱን በራስሽ ሥሪ። መንደርደሪያው 09 ነው እንበል፤ አቅጣጫው 90 ዲግሪ ማለት ነው። ነፋሱ ከ130 ዲግሪ፣ 10 ኖት። የጎኑ ድርሻ ስንት ነው? ከየት ነው? የትኛው ክንፍ፣ የትኛው እግር?

ንጋት_በረራ

ልዩነቱ 40 ዲግሪ ስለሆነ 6 ኖት ተኩል ያህል፣ ከቀኝ። ቀኝ ክንፍ ዝቅ፣ ግራ እግር። መመሪያ መጽሐፉ ለ172ኤስ የተሞከረ ብሎ ከጻፈው 15 ኖት በታች ነው።

አሮጌ_ፕሮፔለር

ልክ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጨምሪበት፦ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ መሪውን ወደ ቀኝ እንደያዝሽ ቆዪ፤ ፍጥነቱ በወረደ ቁጥርም የበለጠ ወደ ቀኝ ጨምሪው። ብዙ ተማሪዎች ዐረፍን ብለው እዚያ ላይ ይለቁታል፤ ነፋሱ ግን ገና አልቆመም።